የደምሴ ሁለተኛው አወዳደቅ

ወንድሜ ደምሴ በዚያ ሩጫ የወደቀው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ምንም አልሆነም፤ የከተማችን ፒያሳ መታጠፊያ ላይ አሸዋ አንሸራተተው፣ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። ከአዲስ አበባ የመጣው ፊልም አንሺ ግን ፀሐይ ከፊቱ ስለነበረች ምስሉ አላማረለትም።

«ጓድ፣ እባክህ እንደገና ውደቅልኝ» አለው።

ወንድሜ ሰው ማስቀየም አይወድም። እንደገና ወደቀ። ጉልበቱ የተጎዳው ያን ጊዜ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፊልሙ በቀበሌያችን አዳራሽ ሲታይ እናቴ፣ ደምሴና እኔ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጥን። የሄድነው ለፊልሙ አልነበረም። በመጪው እሁድ የክፍለ ሀገሩ ሩጫ አለ፤ ደምሴም ቀበሌውን ወክሎ እንዲሮጥ ተመዝግቧል፤ ሐኪሙ ደግሞ «ከሮጠ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል» ብሏል። ከሩጫው ሊያስቀረው የሚችለው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ብቻ ነው፤ እሱም «ከፊልሙ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎን ነበር። ደምሴ የሚናገረውን ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሰንብቷል።

መብራት ጠፋ። ፊልሙ ከሐይቁ ጀመረ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዳር ሆድዕቃ ሲለቅሙ የሚውሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች በማርሽ ባንድ ታጅበው ወደ ሰማይ ተነሱ። ለካ እንዲህ የተከበሩ ወፎች ኖረዋል። ቀጥሎ ደምሴ መጣ። ማርሹ ቀጥ አለ፤ ወንድሜ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወደቀ። ዋሽንት ገባ። ፒያሳ መሃል ዋሽንት የሚነፋው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ከኋላችን ያሉት ሴቶች አፍንጫቸውን መጥረግ ጀመሩ። ተራኪው በወፍራም ድምፁ «ይህ ወጣት ለሕዝቡ ሲል ስቃዩን ረሳው» አለ። ከበሮ ተመታ፤ ደምሴ ተነሳ፤ ሕዝብ አጨበጨበ። የሚያጨበጭበው ሕዝብ ጃንጥላ ይዟል፣ ዝናብ ይወርድበታል። በሩጫው ቀን ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ደምሴ ስንተኛ እንደወጣ ፊልሙ አላነሳም፤ እኔም እህቱ ነኝና አላነሳውም።

«እዩት የኔን ጀግና!» አለች እናቴ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ውደቅ ተብሎ የወደቀው ነው።»

«ዝም በይ! አንቺ ደግሞ ድንጋይ ነሽ እንዴ?»

መብራቱ ሲበራ የጓድ ግዛቸውም ዓይን ቀልቷል። ወደ እኛ መጥቶ ቆመ።

«እህ፣ ጓድ ደምሴ፤ የጉልበቱን ነገር እንዴት እናድርገው?»

ደምሴ ግን ገና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ አንሶላ እያየ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንደዚያ ሆኜ ነው የተነሳሁት?»

«እዚያ ላይ የተነሳኸው ከመጀመሪያው አወዳደቅ ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «ከሁለተኛው እኔና ፊልም አንሺው ነን በብብትህ ይዘን ያነሳንህ። እሱን ቆርጠው ጥለውታል።»

የሰማኝ አልመሰለኝም።

«እሮጣለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ የተራኪውን ድምፅ በሚመስል ድምፅ።

እናቴ እልል አለች። የሐኪሙን ቃል እያለቀሰች የነገረችኝ እሷ ራሷ ነበረች። አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ደምሴም ሊቆምላቸው ፈለገ፤ ወንበሩን ተደግፎ ግማሽ ድረስ ተነሳና ተመልሶ ተቀመጠ። ሰው ትሕትና መስሎት ጭብጨባው ባሰ።

«ያዥኝ» አለኝ፣ ፈገግታውን ሳይለቅ።