ምክንያቱ ያልተሞላው ስንብት

በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ አበራ። ጋሼ ብሎን ካርዳቸውን በሸሚዛቸው ጠርዝ ወልወል አድርገው እንደገና አስጠጉት፤ ያው ቀይ ነው። ከኋላቸው የተሰለፉት የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቷቸዋል።

ጋሼ ብሎን በማተሚያ ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ኪሳቸው ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ነው። የወገብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሦስት ወር ከተኙ በኋላ ዛሬ መመለሳቸው ነበር። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አወጣ። የሎከራቸው ዕቃ ነው፤ ቱታ፣ መነጽር፣ የልጅ ልጃቸው ፎቶ።

"ዓርብ ዕለት ስንብትዎ ለሁላችንም በስልክ ደረሰን። እኔማ የሚያውቁ መስሎኝ..." ብሎ የቀረውን ዋጠው።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ወሬውን ሰምታ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

"ልጄ፣ አባረራችሁኝ?" አሏት ጋሼ ብሎን።

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ይሄ ፌስታል ምንድን ነው?"

"ሲስተሙ ነው ጋሼ። ተሳስቶ ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ስጠግን ተሳሳተ የሚባል ማሽን አላየሁም። ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ሰው አጣሞ ገጥሞታል። የእናንተው ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም" አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ፌስታሉን ይዘው ወደ መንገዱ ዞሩ። አሁን ከሄዱ እንደማይመለሱ ገባት።

"ጋሼ ይሙት... ማለቴ፣ እባክዎ መጥተው ይዩት!" አለች። አፏ ተሳስሮባት ነበር። ጥበቃው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጋሼ ብሎንም ከንፈራቸው ትንሽ ፈታ አለና ተከተሏት።

ቢሮዋ ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሴትዮዋ ኮድ መጻፍ አትችልም፤ የሠራተኞችን ጉዳይ በራሱ የሚያስፈጽመው ፕሮግራምም ይህን አይጠይቃትም። ሳጥን ከሳጥን በቀስት ማገናኘት ብቻ ነው።

"ይሄኛው ረጅም ፈቃድ ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላ የሠራተኛውን መሣሪያ ለተተኪ ያስረክባል። ይሄኛው ደግሞ ስንብት። ማስረከቡ ስንብቱ ውስጥ ተሠርቶ ስለነበር፣ ከምደግመው ብዬ ፈቃዱ ስንብቱን ጠርቶ እንዲያሠራው አደረግሁ።"

"ከዚያስ?"

"ስንብቱ መጀመሪያ ምክንያት ያያል። ፈቃድ ከሆነ መሣሪያውን አስረክቦ ያቆማል። ካልሆነ ካርድ ይዘጋል፣ ሎከር ያስለቅቃል፣ ለሁሉም መልእክት ይልካል።"

ጋሼ ብሎን ከፌስታሉ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። በፈቃዱ ላይ ምክንያታቸው ተሞልቷል። በስንብቱ ላይ ግን የምክንያቱ ቦታ ባዶ ነው።

"ምክንያቱን ከዚህ ወደዚህ ማን ያሻግርለታል?"

"እኔ ነበርኩ። እንዲወስደው ማዘዝ ረሳሁ። ባዶ ሲሆንበት፣ ፈቃድ አይደለም ብሎ ሁሉንም ሠራው።"

"ሳትሞክሪው?"

"ሞክሬያለሁ፤ ፈቃዱን ለብቻ፣ ስንብቱን ለብቻ።"

"እኔ ሁለት ማሽን ሳገናኝ ወረቀት ከማጉረሴ በፊት አንድ ላይ በባዶ አዞራቸዋለሁ" አሉ፤ ቁጣ የለበትም። ለእሷ ግን ከቁጣ የባሰ ሆነባት።

ስልኩ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው።

"በሲስተም ብልሽት ነው ብለሽ ማስተካከያ ላኪ። ነገሩን አታንዛዢው" ብሎ ዘጋው። ድምፁ ለሁለቱም ተሰምቷል። ጋሼ ብሎን መነጽራቸውን አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱት።

ሴትዮዋ ካርዱንና ሎከሩን መለሰችና የማስተካከያውን ፎርም ከፈተች። ምክንያት በሚለው ቦታ "የሲስተም ብልሽት" ብላ ጻፈች። ጥቂት አየችው፤ ከዚያ አጠፋችው።

"ጋሼ ብሎን አልተሰናበቱም። ሁለቱን ሥራዎች አገናኝቼ አንድ ላይ ሳልሞክር የለቀቅኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ስሟን ከነአባት ስሟ አስገብታ ለሁሉም ላከችው።

በሽማግሌው ኪስ ውስጥ ስልክ ተንጫረረ። አውጥተው፣ ከዓይናቸው አርቀው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ፌስታሉን አንስተው ተነሡ።

"በይ፣ ሎከሬን አስከፍቺልኝ።"