ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ፏፏቴ

ባለሱቋ ወሬ ስታወራ አትዋሽም፤ ትንሽ ትጨምርበታለች እንጂ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ምንም አልጨመረችም። አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ የመምህሩን ሚስት ጠራቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሚ፣ ትልቁ ልጅሽ ትናንት ማታ እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ነበር» አለቻት። «‹ቅዳሜ በጠዋት ሁለት ገልባጭ አፈር ይዛችሁ ኑ፣ የእናቴን ኩሬ እንደፍነዋለን› ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት። እኔ መቼም የሰው ወሬ አልወድም፤ ግን ሳልነግርሽ ባድር ሆዴ ያብጥ ነበር።»

«ትናንት ማታ ከሆነማ ሳትነግሪኝ አደርሽ እኮ።»

«እሱ ነው ያሳበጠኝ» አለች ባለሱቋ፣ ሆዷን በመዳፏ እያሸች።

የመምህሩ ሚስት ከት ብላ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ግን አልሳቀችም። ዞራ ኩሬዋን አየች።

መምህሩ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም የመምህሩ ሚስት ነው የሚላት። እሷም አትጠላውም። ኩሬዋን የቆፈራት እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ በአካፋ ብቻ። ያኔ ሰዉ፣ መምህሩ ጓሮው ውስጥ ወርቅ አግኝቷል እያለ አማው። ወርቅ አላገኘም፤ ወገቡን ግን አጣ። መሐሏ ገብቶ ሲቆም ውሃው አንገቱ ይደርስ ነበር። ቀያይ ዓሦች አመጣላት። ከሁሉ ትልቁ፣ ጢሙ ነጭ የሆነው፣ ሁልጊዜ ፊት ፊት የሚሄደው፣ ሊቀመንበሩ ተባለ፤ እሱ አፉን ከከፈተ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ውሃው አረንጓዴ ሾርባ መስሎ ሽታው በመስኮት ሳሎን ገባ። ባንክ የምትሠራው ልጇ ለአንድ አፍታ ብቅ ብላ የነበረች ቀን አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ተቀመጠች፤ በመሐረብ ይዛም ሄደች። ለወንድሟ የነገረችው እሷ መሆን አለባት።

የመምህሩ ሚስት ወደ ቤት ገብታ ስልኳን አነሣች። ትልቁ ልጅ ኮንትራክተር ነው፤ በጀርባው ሁልጊዜ የሲሚንቶ ማቡኪያ ይጮኻል።

«አፈር አዘዝክ አሉ።»

የማቡኪያው ጩኸት ራቀ። ከዚያ፣ «ማን ነገረሽ?» አለ።

«አፈሩ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ኩሬ መሆኑ ቀርቷል፤ የትንኝ ማዋለጃ ነው። አባዬ እያለ ይንከባከበው ነበር። አሁን አንድ ቀን አዳልጦሽ ብትገቢበት ማን ያወጣሻል? ይደፈንና ሲሚንቶ ይፍሰስበት። እኛም ስንመጣ መኪና እናቆምበታለን።»

«ስትመጡ» አለች።

«ስንመጣማ።»

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ። ውሃውን አጠራዋለሁ።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ። ቅዳሜ እህቴንም ይዣት እመጣለሁ። ውሃው ጠርቶ፣ ዓሦቹ ሁሉ በሕይወት ካሉ መኪኖቹን እመልሳለሁ። አንድ እንኳ ሞቶ ካገኘሁ ግን እንዳትለምኚኝ። ተስማማን?»

ተስማሙ። ስልኩን ዘጋች። ልጇን ታውቀዋለች፤ ያለውን ያደርጋል። በዚህ አባቱን ነው።

ጓደኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ መርፌ ነው የሚላት። በስፌቷ እንዳይመስላችሁ፤ በአፏ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ተያይዘው ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው የውሃ ፓምፕ መሸጫ ሄዱ። ሱቁ አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ይሸታል። ባለፓምፑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ ደረሱ።

«ግንባርህ ላይ ነው» አለችው መርፌ።

አመስግኖ አወረደውና፣ «የኩሬው ጥልቀት ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ባሌ አንገቱ ድረስ» አለች የመምህሩ ሚስት።

«ባልዎ ረጅም ነበሩ?»

«ሲቆጣ ረጅም ነበር።»

ባለፓምፑ ሁለት ነገር አሳያት። አንደኛው ሳፋ ውስጥ የቆመ ፏፏቴ ነው። ሲያበራው ውሃው እንደ አበባ ተከፍቶ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ፤ ከሥሩም ሰማያዊ መብራት አለው። ሁለተኛው የጫማ ሳጥን የሚያህል ግራጫ ነገር ነው። ከሳጥኑ ጥቁር ጎማ ይወጣል፣ በጎማው ጫፍ ላይ ክብ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ ሲከተው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ በቃ።

«ፏፏቴው ውሃውን ከላይ ወስዶ ከላይ ነው የሚመልሰው» አለ። «ያምራል፣ ላዩንም አየር ይሰጠዋል። ጥልቅ ላልሆነ ኩሬ ይበቃል። የእርስዎ ግን ጥልቅ ነው፤ የሥሩ ውሃ ታፍኖ ይቀራል። ይሄ ሳጥን አየሩን ከሥር ነው የሚለቀው። አረፋው ሲወጣ የታፈነውን ውሃ እየጎተተ ያወጣዋል። ዓይን አይሞላም፤ ዓሣ ግን ያኖራል። እንግዲህ ለዓይን ነው ለዓሣ?»

«ለዓሣ» አለች መርፌ።

«ለዓይን» አለች የመምህሩ ሚስት፣ እኩል።

ተያዩ።

«ልጄ ቅዳሜ የሚመጣው ሊያይ ነው፣ ሊዋኝ አይደለም» አለች የመምህሩ ሚስት። «ኩሬውን ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቢያየው ውሃው ፈላ ነው የሚለኝ።»

«ሁለቱንም ውሰጃ።»

«መምህሩ ወደ ኩሬው የዘረጋት ሽቦ አንዲት ናት፣ ሶኬቷም አንዲት። አንድ ብቻ ነው የሚሰካባት።»

መርፌ ወደ ግራጫው ሳጥን ዞረች። ባለፓምፑ ፏፏቴውን ካርቶን ውስጥ እያስገባ፣ «ታዲያ ሌት ተቀን ይሥራ፤ እንዳይዘጉት። ውሃው አየር የሚያጥረው ሊነጋጋ ሲል ነው» አለ። መርፌ ይሄን አልሰማችም፤ ግራጫውን ሳጥን ልብስ እንደምትሰፋለት ሰው ዞር ዞር እያለች ታየው ነበር። የመምህሩ ሚስት ሰማች፤ በሆዷ ግን፣ «አዎ፣ ሌት ተቀን ላሠራውና ቶሎ ተቃጥሎ ሌላ ልገዛልህ! ሻጭ ያው ሻጭ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ፏፏቴው ተተከለ። ሰፈሩ ጓሮዋን ሞላው። ባለሱቋ ሱቋን ዘግታ መጣች፤ ይሄ ደግሞ ለቀብር ካልሆነ የማታደርገው ነው። ውሃው ወደ ላይ እየተፈናጠረ ሲወርድ አረንጓዴውን ገፍቶ ዳር አስያዘው። ሊቀመንበሩ ከጓዶቹ ጋር ፏፏቴው ሥር ሲዞር ዋለ። የመምህሩ ሚስት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች።

የመጨረሻው እንግዳ እንደወጣ ፏፏቴውን ዘጋችው።

እሷ እንዲህ ናት። ሳሎኗ ውስጥ ያለው ወንበር ላስቲኩ አልተቀደደለትም፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገለጣል። የብርጭቆ ቁም ሣጥኑ ለእንግዳ ነው የሚከፈተው። የሳሎኑ አምፖል እንኳ የሚበራው በሩ ሲንኳኳ ነው። እሷ ራሷ ወጥ ቤት፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነው የምትበላው፤ እጀታው በተሰበረው ኩባያ ነው የምትጠጣው። ታዲያ ፏፏቴውን ብቻዋን ተቀምጣ ልታሠራው ነው? ለማን ብላ? ቅዳሜ እስኪደርስ አዲስነቱ አይለፍ እንጂ።

ሐሙስም እንዲሁ። ሰው ሲመጣ ከፈተች፣ ሲሄድ ዘጋች።

ዓርብ ጠዋት ዓሦቹን ላይ ላዩን ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አገኘቻቸው። ርቧቸው መሰላትና ምግባቸውን በተነች። አልነኩትም። ሌላ ጨመረች። ምግቡ አበጠና ሰመጠ። ልቧ ፈራ። ኋላ ባለሱቋ እህቷን ልታሳይ ስትመጣ ፏፏቴው ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ ወደ ታች ወረዱ። «ለካ ሰው ናፍቋቸው ነው» አለች የመምህሩ ሚስት፣ ደረቷን ይዛ።

የዓርብ ቀን ታፍኖ ዋለ። ደመናው እንደ ክዳን ተደፋ፣ ቅጠል አልነቃነቅ አለ። እንግዶቹ ሲሄዱ ፏፏቴውን ዘግታ፣ ከሶኬቱ ነቅላ፣ ለነገ ብላ አፉን በላስቲክ ሸፈነችው።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ግራጫ ሳለ ወጣች። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ናቸው። ዘጠኙም። አፋቸው ከውሃ ወጥቶ ጧ ጧ ይላል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ሊቀመንበሩ በጎኑ ተኝቷል።

ተንበረከከች። መተንፈሻውን የሚሸፍነው የጉንጩ ክዳን ተከፈተ። ቆየ፣ ቆየ፣ ተዘጋ። ተነሥታ ሮጠች፣ ወዴት እንደምትሮጥ ግን አላወቀችም። በሩን ከፍታ ስትወጣ ከመርፌ ጋር ተጋጨች። መርፌ በስፌት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች።

«ምነው?»

«ሊቀመንበሩ ሊሞትብኝ ነው።»

«ፏፏቴሽስ?»

«ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ። ሰው የለማ።»

  መርፌ ጨርቁን ስትፈታው ግራጫው ሳጥን ወጣ። «ከባለፓምፑ ተውሼው ነው» አለች። የስፌት መኪናዋ የሚሰካበትን ማከፋፈያም ነቅላ ይዛ መጥታለች። ከውሃው ራቅ አድርጋ መምህሩ በተከላት ሶኬት ሰካችው፤ በአንዱ ቀዳዳ ፏፏቴው፣ በሌላው ሳጥኑ። የፏፏቴውን ላስቲክ ገፈፈች። ድንጋዩን መሐል ኩሬ ወረወረችው።

ያኔ ነው የገልባጮቹ ጥሩንባ በበሩ በኩል የተሰማው።

ኮንትራክተሩ በጓሮ በር ገባ፤ እህቱ መሐረቧን ይዛ ተከተለችው። ከኋላቸው ሁለት መኪና አፈር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። የመምህሩ ሚስት ሊቀመንበሩ እንዳይታይ ቀሚሷን ዘርግታ ዳር ላይ ቆመች፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንደ ልጅ ነው የምትደብቀው።

«እማዬ፣ ዞር በይ።»

አልዞረችም። ልጁ ትከሻዋን በቀስታ ይዞ ገለል አደረጋትና ቁልቁል አየ።

«ሞቷል» አለ።

«አልሞተም።»

«በጎኑ ነው እኮ ያለው።»

«አንተም ስትተኛ በጎንህ ነህ» አለች መርፌ።

ማንም አልሳቀም። ፏፏቴው ይረጫል፤ ከመሐል አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። አራቱም ጎንበስ ብለው አንዱን ዓሣ ማየት ጀመሩ። ክዳኑ ተከፈተ። ቆየ። ተዘጋ። ከገልባጮቹ አንዱ ሾፌር ወርዶ መጣ፤ ምን እንደሚያዩ ሲያይ እሱም ኮፍያውን አውልቆ አብሮ ጎነበሰ። ትንንሾቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሊቀመንበሩ ብቻ ቀረ። ክዳኑ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቶሎ ተከፈተ፣ ቶሎ ተዘጋ። ጅራቱ አንዴ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቀና ብሎ ወደ አረፋው ሄደ።

የመምህሩ ሚስት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ልጅየው ፊቱን በእጁ ጠረገ። እሱም ደንግጦ ነበር፤ ደንግጦ ደግሞ ሲናደድ አያምርበትም። «ይሄ ፏፏቴ ሰሞኑን ሁሉ ነበረ አይደል? ታዲያ እንዴት እንዲህ ሆኑ?»

«እዘጋው ነበር» አለች እናቱ። «እንግዳ ሲመጣ ነበር የምከፍተው።»

«ይኸው» አለ ወደ እህቱ ዞሮ። «ይኸው ይሄን ነው የምልሽ። ዛሬ ተረፈ፣ ነገስ?»

«ለአንቺው ብሎ እኮ ነው፣ እማዬ» አለች እህትየው።

«ለእሷው ነው እንጂ!» አለ። ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሊሰጥ ክንዱን አነሣ። «እስቲ አሁን፣ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚተነፍስ ነገር ጓሮ አስቀምጦ መኖር ምን ይባላል?»

መርፌ የተረፈውን ጎማ ክንዷ ላይ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

«እናትህም እኮ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የምትተነፍሰው» አለች። «እሷንስ በስንት ገልባጭ ልትደፍናት ነው?»

የተነሣው ክንድ እዚያው ቀረ። እህትየው መሐረቧን ከአፍንጫዋ አወረደች። ሾፌሩ ኮፍያውን እንደያዘ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ፣ የሁለተኛውንም መኪና አስጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር።