የዲጋ ጸሎት ቤት ጭቃ

ሎሚ ጠላ መጥመቅ ያቆመች ለት የዲጋ ሰው ግማሹ አዘነ፤ ግማሹ ደግሞ ጭራሽ አላመነም። ፋርሶዋን፣ ያን ጠላዋን፣ የቀመሰ ሰው አለማመኑ አይፈረድበትም። ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚያልፍ ነጋዴ በቅሎውን ደጃፏ ላይ አስሮ አንድ ጣሳ ሳይል መንገዱን አይቀጥልም ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኖረችውም በዚያው ነው። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ግን ገቢሳ የሚባል ወንጌላዊ ከነቀምት በእግሩ መጣና ከቤቷ ጎራ ብሎ ውሃ ለመናት። በዚያ ቤት ውሃ የሚለምን ሰው ብርቅ ነበርና ሎሚ አጠገቡ ቁጭ ብላ የሚለውን ሁሉ አዳመጠችው።

ገቢሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቁን የሚቆጥብ ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያነበው በኦሮምኛ ነበር። ሎሚ እናቷ በተናገረችበት ቋንቋ ስለ እግዜር ሲነበብ ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከአሜን በቀር የሷ ድርሻ ያለ አይመስላትም ነበር። እንዲህ እያለች፣ ዛሬ አንድ ምዕራፍ ነገ ሌላ ስትሰማ ቆይታ፣ አንድ ማለዳ የጠላ ጋኖቿን ደጅ አውጥታ ደፋቻቸው። የመንደሩ ዶሮዎች ሰክረው ዋሉ፤ ይህንን እስከ ዛሬ የሚያወራ ሰው አለ።

ጠላ ቤቷ የጸሎት ቤት ሆነ። ጠጪ ይቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ እሑድ እሑድ ጥቂት አማኞች ተጠጋግተው ይዘምራሉ። የድሮ ደንበኛዋ ታፋ እግሩ መቅረት አልለምድ ብሎት ይመጣና በሩ ላይ አንገቱን ያስገባል። መዝሙሩን ይሰማል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል። ታፋ በሣር ክዳን ሥራ የታወቀ፣ በደቦም ላይ ዘፈን አውጪ ነው። የሱን ሰካራምነት የሚያማ ሰው እንኳ ቤት ሲሠራ የሚጠራው እሱን ነበር።

የአካባቢው ባላባት ከሎሚ ቤት ጀርባ ያለችውን ጉብታ ለጸሎት ቤት መሥሪያ ሲሰጣቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በጋውን ሙሉ ቋሚና ማገሩን ራሳቸው አቆሙ። የቀረው ክዳኑና ምርጊቱ ነው። ይህ ደግሞ የጥቂት ሰው ጉልበት የሚችለው አይደለም፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደቦ መጠራት አለበት። ጠሪዋም ሎሚ መሆን አለባት፤ ከመካከላቸው አገር የሚያውቀው እሷን ነውና። ቤት ለቤት ዞራ ለመነች፤ ሁሉም እሺ አላት። ሎሚ ስትጠራ ምን እንደሚጠጣ ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቁ መስሏቸዋል።

ገቢሳ ይህንን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ያቀርቡላቸዋል፣ አዴ ሎሚ?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነበር፣ ኦቦ ገቢሳ። ደቦ ያለ ፋርሶ የት አገር ያውቃሉ? ሰውን ጠርቶ ውሃ አጠጥቶ መሸኘት ስድብ ነው።»

«የእግዚአብሔርን ቤት ሰካራም ከሚያቆመው ባይቆም ይሻለኛል» አለ ገቢሳ። ቀጥሎም ለሁሉም እንደሚናገር ሆኖ፣ «ከእኛ መካከል እጁን ወደ መጥመቅ የመለሰ ሰው ወደ ጽዋው አይቀርብም» አላቸው። ከነሱ መካከል መጥመቅ የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች የሁሉም ዓይን ሎሚ ላይ አረፈ።

ጽዋው የቅዱስ ቁርባኑ ጽዋ ነው። ቤቱ ሲያልቅ አንድ ቄስ ከነቀምት መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያቆርባቸው ተነጋግረዋል። ሎሚ ለዚያች ጽዋ ምን ያህል እንደጓጓች ለማንም አልተናገረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትቀዳ ኖራለች፤ ለሷ ብሎ የቀዳላት ሰው ግን አልነበረም። ያ ቀን እንዳያመልጣት ፈራች። በሌላ በኩል ደግሞ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ባሏን የቀበሩላት፣ ጣሊያን ከብቷን ሲነዳባት እህል ያዋጡላት ሰዎች። እነሱንም ማዋረድ አልፈለገችም።

ሌሊቱን ስታስብ አድራ በማለዳ መፍትሔ አገኘች፤ ብርዝ። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይሰነብት ቢጠጣ ማንንም አያሰክርም፤ ሕፃን ይጠጣዋል፣ ሼኽ ይጠጣዋል። ማሩም ከራሷ ዋንዛ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ይቆረጣል። አንድ ብርጭቆ በጥብጣ ለገቢሳ ሰጠችው። ቀመሰ፤ ደገመና «ይኼ ምንም አይልም» ብሎ ፈቀደ። ሦስተኛውን ሲጠይቃት ሎሚ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ደቦው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ማታ ብርዙን አዘጋጀች። እዚህ ላይ እጇ ጉድ ሠራት። ጋኖቹን ስታጥብ እንደ ድሮዋ በግራዋ ቅጠል ፈተገቻቸው፣ እንደ ድሮዋ በወይራ አጠነቻቸው። ድሮ ለዓመት በዓል ጠጅ ትጥልባቸው የነበሩ ጋኖች ናቸውና እጇ የሚያውቀው ሌላ አያያዝ የለም። ማርና ውሃውን ሞላችባቸው፣ አፋቸውን በኮባ ቅጠል ሸፈነች፣ ደስ ብሏት ተኛች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ አባ ጆቴ፣ ዐረፉ። አገር በሙሉ ለቅሶ ወጣ። የሽማግሌ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ጎረቤት ጣራ አይከድንም፤ እየዘፈኑ ሣር መወርወር ለሟቹም ለቤቱም ነውር ነው። ደቦው ወደ ማክሰኞ ተላለፈ። ሎሚም ከለቅሶው ቤት እህል ስትፈጭ፣ ሐዘንተኛ ስታስተዛዝን ሰነበተች፤ ጋኖቹን አንድ ጊዜም አላሰበቻቸውም።

ማክሰኞ ማለዳ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ቅጠሉን ሳታነሳ ገና ድምፁን ሰማች። ጋኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሾካሾካል። ቆመች። ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቅጠሉን ስታነሳው አረፋው እስከ አፉ ደርሷል። በጣቷ ቀመሰች፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ጋን ቀመሰች። ጠጅ የለመደው ጋን ልማዱን አልረሳም፤ ብርዙ ጠጅ ሆኗል። ይባስ ብሎ ደግሞ በሕይወቷ እንደዚህ ያለ ጠጅ ጥላ አታውቅም። አስባ፣ ደክማ፣ ጌሾ መርጣ ያላገኘችውን ለቅሶ ተቀምጣ አገኘችው። መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ደጅ ላይ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ የሣር ሸክማቸውን ይዘው ጉብታውን እየወጡ ነው፤ ታፋ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ዝም ብትል ምን ይሆናል? ሰዎቹ ይጠጣሉ፣ ይመርቋታል፣ ቤቱ በአንድ ቀን ያልቃል። ገቢሳ እንደሆነ ጠጅና ብርዝን አሽትቶ የሚለይ ሰው አይደለም። እንዲህ ብላ አሰበች፤ ጣሳውንም አነሳች። ከዚያ ግን ያችን ጽዋ በውሸት እጅ ስትቀበል ታያት። ጣሳውን መልሳ አስቀመጠችው።

ጋኖቹን በወጣቶቹ አሸክማ ጉብታው ላይ አስወጣቻቸውና ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆመች።

«ስሙኝ፣ ወንድሞቼ» አለች። «ብርዝ አዘጋጅቼላችሁ ነበር። ለቅሶ ላይ ስንሰነብት ጠጅ ሆኖ ቆየኝ። አልጠመቅሁትም፤ ግን የሆነው በእኔ ጋን ነው። ለዚህ ቤት ሥራ መጠጥ አላቀርብም ብያለሁ፣ አላቀርብም። ብርዝ ነው ብዬም አልዋሻችሁም። ያለኝ ቆሎና ንፍሮ፣ ውሃም ነው። መሄድ የፈለገ ሰው ቢሄድ አልቀየምም።»

 ሰዎቹ ጋኖቹን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ታፋ ተጠግቶ ጣቱን ነከረ፣ ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኦቦ ገቢሳ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን ማፍሰስ በመጽሐፉ ኃጢአት አይደለም?»

ሰዉ ሳቀ፤ ገቢሳ አልሳቀም። ሁለት ሦስት ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ወደ መጡበት መራመድ ጀመሩ።  ሎሚ በአንድ ጠዋት ጎረቤቶቿንም ጽዋዋንም እንዳጣች ገባት። የተናገረችውን ግን መልሳ ብትጠየቅ ያንኑ ትል ነበር።

ገቢሳ ጋኖቹን አየ። ከዚያ የጭቃውን ጉድጓድ አየ። አፈሩና የጤፍ ጭዱ ተዘጋጅቷል፤ ውሃው ግን ገና ከወንዝ በእንስራ ሊቀዳ ነው፣ ወንዙም ሩቅ ነው።

«ይህ ጭቃ ውሃ ይፈልግ የለ?» አለ። «አንድ ሰው ያግዘኝ።»

አንዱን ጋን በጆሮው ያዘ። ታፋ ምን ሊሠራ እንደሆነ ሲገባው በሐዘን ተነፈሰ፤ ሆኖም በሌላው ጆሮ ያዘለት። ጠጁ ጉድጓዱ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛውም። ገቢሳ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ማንም በባዶ እግሩ አይቶት የማያውቀው ሰው ዘው ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እግሮቹ ቀጫጭኖች ነበሩ። መርገጥ ጀመረ።

ታፋ ትንሽ አየውና፣ «እንግዲህ ወንጌላዊው ጠጅ ቤት ከገባ እኛ ደጅ ምን እንሠራለን?» ብሎ ዘሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይከለክለዋል? ሰዉ ሁሉ ገባ። ለመሄድ የተነሡት ሳቁን ሰምተው ተመለሱ። ታፋ ወዲያው ዘፈን አወጣ፤ አፋችን ጾም ዋለ፣ እግራችን ግን ጠገበ እያለ። የአካባቢው ንብ በሙሉ ማሩን ተከትሎ መጣ፤ ሰዉ ይነደፋል፣ እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሳቀ ይመለሳል። ሎሚ ንፍሮውን እያቀረበች፣ ውሃውን እየቀዳች ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ክዳኑም ምርጊቱም አለቀ። ከዲጋ ሰውም ሎሚ ጋ ደቦ ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ ብሎ የተቀየመ አልተገኘም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ደቦ አይተን አናውቅም ይሉ ነበር።

ስለ ጽዋው ግን ገቢሳ አንድ ቃል አልተናገረም። ሎሚም ለመጠየቅ ፈራች። ከጋኗ የወጣው ጠጅ ነው አይደል? ባትጠምቀውም ጠጅ ጠጅ ነው። እየጸለየች፣ አንዳንዴም ከራሷ ጋር እየተከራከረች ጠበቀች።

ቄሱ ዓርብ ይደርሳል የተባለው መንገድ ላይ ዝናብ አቆይቶት ቅዳሜ ማታ ገባ። እሑድ ጠዋት አዲሱ ቤት ሞላ። ግድግዳው ገና ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ታፋም ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጧል። ምን እግር ጣለህ ሲሉት፣ «ለሽታው ነው» አለ። ያስወጣው ሰው የለም።

መዝሙሩ ሲጀመር ገቢሳ ሎሚን በእጁ ጠቅሶ ከቤቱ ጀርባ ጠራት። በእጁ ጽዋውን ይዟል። ውስጡ የዘቢብ ውሃ ነው፤ ዘቢቡን ነቀምት ካለው ከነጋዴው ከረዲ ሱቅ አስመጥቶ፣ ቄሱ ዓርብ ይመጣል ብሎ ሐሙስ ነክሮት ነበር።

«ሰነበተ» አለ ገቢሳ። ዓይኑን ከጽዋው አላነሣም። «ፈልቶ ወደ ጠጅነት ሄዶ እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም። ይቅመሱልኝ።»

ሎሚ እጇን አልዘረጋችም። «ኦቦ ገቢሳ፣ እኔ ወደ ጽዋው...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ገቢሳ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ያን ለት ሰዎቹ እንደሚሄዱብዎ እያወቁ እውነቱን ነገሯቸው» አላት። «ለእኔም ይነግሩኛል።»

ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለችው።  አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቀመሰች፤ ጣፋጭና ጥርት ያለ ነው፣ ምላሷ ላይ የሚነክስ ነገር አላገኘችበትም። 

«ገና ነው» አለች።

ገቢሳ ጥያቄውን አልደገመም፣ ሌላም ሰው አልጠየቀም። ጽዋውን ተቀብሎ ወደ በሩ ሄደ። እዚያም ሲደርስ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቆመና እሷ ቀድማው እንድትገባ መንገዱን ለቀቀላት።