የሰንበት ግድግዳ

ትእዛዙ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ እንቢ ማለት ብቻ ደስ ይለዋል። የኔ ቤት የቀበሌ ቤት ነው፤ ሰቆጣ፣ ከገበያው በታች ቁልቁለቱ ላይ። የኋላ ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ተዘረገፈ። ልጠግነው ብል ያለ ፈቃድ የመንግሥት ቤት አይነካም አለኝ። ፈቃዱን ስጠኝ ስለው ባለሙያ ይየው፣ ባለሙያው ሲያየው በጀት ይለቀቅ፤ እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ። እኔና ልጄ ኤደን ሸራ ወጥረን እናድራለን። እሱማ ምናለበት እቴ፣ የሚተኛው ደረቅ ቤት!

ክረምቱ ከበረታ የቀረውም ግድግዳ እንደሚከተል አውቃለሁ። ደቦ እንዳልጠራ የሰፈሬ ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እርሻው ላይ ነው። ፋታ የሚያገኘው እሑድ ነው፤ በሰንበት ደግሞ ድንጋይ ማንሳት ኃጢአት ነው። ቢቸግረኝ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩባቸው። ሰንበት የሚሻረው ለራስ ሲሠሩ ነው፣ ለመበለት ቤት መሥራት ጽድቅ ነው አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ሕዝቡን ይህንኑ ነገሩት።

ሰው ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ወደኔ ጎረፈ። ምንዋጋው ግንበኛው ቱምቢውን ይዞ መጣ። ወንዶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፣ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ይረግጣሉ። ጠላውን ከየት አመጣሽው አትበሉኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ግድግዳው ከቁመቴ ሲያልፍ ሊቀመንበር ትእዛዙ ደረሰ። ሥራው እንዲቆም፣ የተሠራውም እንዲፈርስ አዘዘ። ደሜ ፈላ።

"አፍርሰዋ" አልኩት። "ለመበለት መሥራት ጽድቅ ነው ተብሏል። በሰንበት የመበለት ቤት ማፍረስ ምን እንደሚባል መሪጌታን ጠይቃቸው።"

መሪጌታ ድንጋይ ታቅፈው ቆመው ነበር። ለምንዋጋው አቀበሉት። ሊቀመንበሩም "ነገ ሰኞ ነው" ብሎን ሄደ። እኛም ሠራን፤ ሲመሽብን ከጣሪያው ሥር አንድ ረድፍ ቀረ።

አላበለም፣ በማግስቱ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ። ሆዴ ፈርቷል፤ አፌ ግን አልፈራም። ቀና ብዬ ባይ ሚሊሻዎቹ ይስማውና ጌታሁን ናቸው፤ ትናንት ጭቃ ሲረግጡልኝ የዋሉት።

አፍርሱት አላቸው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

"የትኛውን ድንጋይ ታስቀድማላችሁ?" አልኳቸው። "ጭቃውን የረገጣችሁት እናንተው ናችሁ።"

ትእዛዙ አሁንም አፍርሱት አለ። ይስማው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና በአዲሱ ግድግዳ አስደገፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ።

"እትዬ ጥሩሐረግ" አለኝ፣ "አንድ ረድፍ ቀርቶ የለ? ውሃ ያምጡልን።"