ሳይተረጎም የቀረው «ግን»

ሕሊና ጎንደር አጠገብ ፀዳ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ እንግሊዝኛ የምታስተምረው አዘዞ ነው። ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሁለት ተማሪ አለ፤ በቀን አምስት ክፍል ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ድምጿ ስለሚዘጋ ከመናገር ይልቅ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቀላታል።

አንድ ሰሞን የነበረው ትምህርት ሐሳብን ስለ መግለጽ፣ ስለ መስማማትና ስለ አለመስማማት ነበር። «የገጠር ኑሮ ከከተማ ኑሮ ይሻላል» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችና ትስማሙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁሉም ባንድ ድምፅ «የስ» አሉ። ገልብጣ የከተማው ይሻል እንደሆነ ስትጠይቃቸውም «የስ» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጠመኔዋን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ደወሉን ጠበቀች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ሥራ ነበራት። ትምህርት ቤቶች በጸጥታው ምክንያት ተዘግተው በከረሙበት ዓመት አንድ የውጭ ድርጅት አስተርጓሚ ሲፈልግ ገባች፤ ትምህርት ሲከፈትም ሥራውን ሳትለቀው ቀረች። ድርጅቱ ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወገራ ደጋ ላይ፣ ምንጭ እያጎለበተ ውኃ በቧንቧ ለየመንደሩ ያደርሳል። መሐንዲሱ ዮሃን የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ እንግሊዝኛውን እሱም በትምህርት ያገኘው ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ይናገራል። የሥራው አስተባባሪ ፋንታሁን የጎንደር ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ክፋት ግን የሌለበት ሰው።

ጥድ በር የምትባለው መንደር መጀመሪያ የሄዱት በጥር ነበር። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከመንደሩ ጥግ ይፈልቃል። ዕቅዱ ምንጩን በሲሚንቶ ገንብቶ ውኃውን በሙሉ ቁልቁል፣ መንገድ ዳር ወዳለው የታች መንደር መውሰድ ነው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተሰበሰበ። አራት ከብትና ጥቂት በጎች ያሏት ባንቺአየሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቀድማ ተናገረች።

«ውኃውን መስጠት አንጠላም፤ የታቹም ሰው ወገናችን ነው» አለች። «ግን በበጋ ከብቶቻችን ሌላ የሚጠጡበት የላቸውም። ቧንቧው ሁሉን ከወሰደው ወንዝ ድረስ መንዳት ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይፈጃል። እናንተ ካላችሁ ግን ይሁን።»

ከእሷ ቀጥሎ የቅኔው መምህር መሪጌታ ሐብተ ማርያም ተነሡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እሳቸውም ያንኑ፣ ረዘም አድርገው፣ በምሳሌ እያጣፈጡ ተናገሩ። ጉሙ ከገደሉ ወደ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። ፋንታሁን ወደ ሕሊና ጠጋ ብሎ፣ «አሳጥሪው፤ ጉሙ መንገዱን ሳይሸፍነው እንውረድ» አላት።

እሷም አሳጠረችው። ለዮሃን፣ ሰዎቹ ውኃውን ለመካፈል ደስተኞች ናቸው፣ ተስማምተዋል፣ ብላ ነገረችው። ዮሃን ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሲመለሱ ሕሊና ራሷን የመኪናው መስተዋት ላይ አስደግፋ እስከ ጎንደር ተኛች። ያጠፋች አልመሰላትም።

ከአሥር ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ለቤተ ክህነት ጉዳይ ወደ ከተማ ወርደው፣ አዘዞ ዘመድ ዘንድ አርፈው ነበር።

«ምነው የኔታ፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ‹ግን› የምንለው ቃል በእንግሊዝኛ ‹በት› አይደለም?»

«ነው።»

«ከተማሪዎቼ አንዱ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን እኔ አምስት ጊዜ ‹ግን› አልሁ፤ ባንቺአየሁ ሁለት ጊዜ አለች። ካንቺ አፍ አንድም ‹በት› ሲወጣ አልሰማሁም። ወይስ ጆሮዬ ነው?»

ጆሮዎ ነው ብትላቸው አምነው ይሄዱ ነበር። ይህን አሰበችው። ደብተሮቹ ክንዷን ከብደውት ነበርና ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረቻቸው።

«ጆሮዎ ደኅና ነው» አለች። «አሳጥሬው ነው።»

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። «እንግዲያው አስተምሪኝ» አሏት።

«እንግሊዝኛ በሳምንት አይለመድም፣ የኔታ።»

«ሁሉን አልፈልግም። መስማማቱንና አለመስማማቱን ብቻ።»

አራት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ሲወጡ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተማረቻቸው። መሪጌታ አልጻፉም። ስንት ሺህ የግዕዝ ቃል በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰው ስለሆኑ አንዴ ከሰሙት አይለቃቸውም፤ ምላሳቸው ብቻ ነበር የሚያስቸግራቸው። «አይ አግሪ» እስማማለሁ ማለት እንደሆነ ወዲያው ያዙት። ቀጥላ በከፊል መስማማትን አሳየቻቸው። ከዚያ ወደ አለመስማማቱ መጣች።

«አይም አፍሬድ አይ ዶንት አግሪ» አለች። «ቃል በቃሉ፣ ፈርቻለሁ፣ አልስማማም እንደ ማለት ነው።»

«ምን ያስፈራኛል?»

«አያስፈራዎትም። ነገሩን ለማለስለስ ነው።»

«እኛ ይሁን እንደምንለው ነዋ።»

ሕሊና ትንሽ አሰበች። «አይደለም፣ የኔታ። እናንተ ሳትስማሙ ይሁን ትላላችሁ፤ እዚያ ላይ ትተዉታላችሁ። ሰሚው ተስማሙ ብሎ ይጽፋል። እነሱም ያለሰልሳሉ፤ አልስማማም የሚለውን ግን ሳይናገሩት አይቀመጡም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኛም ነው» አሉ መሪጌታ።

«የኔ ነው» አለች። እስከዚያ ድረስ ጥፋት የሚለውን ቃል ለራሷ እንኳ ብላው አታውቅም ነበር።

«ሃውኤቨር» የሚለውን ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። ከግን ከበድ ያለ፣ አንዱን ሐሳብ ሳያፈርስ ሌላውን የሚያመጣ ቃል መሆኑን ስታስረዳቸው፣ «ባሕቱ ነው በይኛ» አሉ። «በግዕዝ ለግን ‹አላ› የሚል አለ፣ ‹ባሕቱ›ም አለ። ይህማ ሸጋ ቃል ነው።» በየመሐሉ እየደጋገሙ አሉት።

በመጨረሻው ቀን ውኃንና ከብትን የመሰሉ ጥቂት ቃላት ጠይቀዋት ከያዙ በኋላ «ኢን ማይ ኦፒኒየን»ን ነገረቻቸው፤ በኔ ሐሳብ ማለት ነው። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ካሉት በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

«ያንቺስ? ስለ ምንጩ ያንቺ ሐሳብ ምንድን ነው?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሐሳቤን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ይኸው ጠየቅሁሽ።»

ሕሊና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። የምትመልሰው አጥታ አልነበረም፤ መልሱ ሥራ ይዞ እንደሚመጣ ስለታወቃት ነበር።

«ደክሞኛል፣ የኔታ» አለች።

«እሱስ ይታያል» አሉ መሪጌታ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቋትም።

በመጋቢት ለመጨረሻው ስብሰባ ወደ ጥድ በር ወጡ። ቁፋሮው በሳምንቱ ሊጀመር ነበር። ፋንታሁን ዕቅዱን በአማርኛ አስረዳና፣ «ባለፈው እንደ ተስማማነው ነው፤ አይደለም?» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ይሁን እንግዲህ» አለ አንዱ። ባንቺአየሁ መሬት መሬት አየች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወደ ሕሊና አልዞሩም። በቀጥታ ዮሃንን እያዩ፣ ቃል በቃል፣ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው እየጎተቱ ተናገሩ።

«ሚስተር ዮሃን፣ አይ አግሪ፤ ዊ ጊቭ ዋተር። ሃውኤቨር፣ ካውስ ኦልሶ ድሪንክ። ኦል ዋተር ጎ፣ አይም አፍሬድ አይ ዶንት አግሪ።»

ውኃውን እንሰጣለን፤ ሆኖም ከብትም ይጠጣል፤ ውኃው ሁሉ ከሄደ ግን አልስማማም ማለታቸው ነበር። ዮሃን መነጽሩን አውልቆ መሪጌታን አያቸው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፈጠን ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታ የያዙት አልቆ ነበር። አልገባቸውም፤ አፍረውም ይሁን ደክሟቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምን ይላል?» አሏት።

«ስንት ከብት እንደሆነና በየትኛው ወር ውኃው እንደሚያንሳችሁ ይጠይቃል።»

ፋንታሁን ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። እንደ ባለፈው እንድታሳጥረው መፈለጉን ዓይኑ ይናገር ነበር። ሕሊና ውኃ የያዘ ፕላስቲኳን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ዮሃን ዞረች።

«መልሳቸውን ከመንገሬ በፊት» አለችው በእንግሊዝኛ፣ «ባለፈውም ይህንኑ ነግረውህ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ውኃውን ለመካፈል ተስማምተዋል፤ ሆኖም ለከብቶቻቸው የሚተርፍ እንዲኖር ጠይቀዋል። ግማሹን ብቻ ነገርሁህ።»

«ለምን?» አላት ዮሃን።

የፋንታሁንን ስም ማንሣት ትችል ነበር። «ቸኩለን ነበር፤ ደክሞኝም ነበር» አለች።

ዮሃን ማስታወሻውን አወጣና ባንቺአየሁን በሕሊና በኩል ይጠይቅ ጀመር። ባንቺአየሁ ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ወር በወር ነገረችው። ሕሊና አንድም ቃል ሳታጎድል፣ ባንቺአየሁ ስታመነታ እሷም እያመነታች፣ ተረጎመች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጉሙ ወጥቶ ቅጥሩን ሸፈነው። ጉሮሮዋ ደረቀ።

በመጨረሻ ዮሃን የሚቻለውን ነገራቸው። ከምንጩ ሥር ለከብት የሚሆን ገንዳ ይሠራል፤ ትራፊው ውኃ ወደዚያ ይወርዳል። ግን ንድፉ እንደገና ተሠርቶ በዋናው መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት። ከክረምት በፊት አይደርስም፤ ሥራው ወደ ኅዳር ይሻገራል።

«የታቹ መንደርስ እስከዚያ?» አሉ መሪጌታ።

ተረጎመችላቸው። «ይጠብቃል» ነበር መልሱ።

መሪጌታ ይህን የጠበቁ አይመስሉም። አንገታቸውን ደፉ፤ ስብሰባው ሲበተንም ደስታ አላሳዩም። ባንቺአየሁ ብቻ መጥታ የሕሊናን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

ፋንታሁን የተናገረው መኪናውን እየነዳ ዳባት መንገድ ላይ ሲወጣ ነው።

«ታች ያለውን ጤና ኬላ አይተሽዋል?» አላት ወደ ኋላ ሳይዞር። «ውኃ የለውም። አዋላጇ በጀሪካን አስቀድታ ነው ሴት የምታዋልድ። ለዚህ ነው የምቸኩል። አሁን ሌላ ክረምት ሊያልፍባት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አጠፋሽ እያልሁሽ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ፋንታሁን።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ከፊት የተቀመጠው ዮሃን ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ፋንታሁን ደወለ። ድርጅቱ ሌላ አስተርጓሚ መውሰዱን፣ ውሳኔው የእሱ አለመሆኑን፣ ዮሃንም ሰላም እንዳላት ነገራት። ድምፁ አፍሮ ነበር። እሺ አለችው፤ አልተሟገተችም። ያን ቅዳሜ ልብሷን አጥባ ስታበቃ አልጋዋ ላይ ጋደም አለችና እስከ አሥር ሰዓት ተኛች። ስትነሣ ብዙም የቀለላት ነገር አልነበረም፤ ግን እንቅልፉ ጥሩ ነበር።

ሥራው በታኅሣሥ አለቀ። መሪጌታ በተማሪ ስልክ ደውለው ለምርቃቱ ጠሯት፤ የፈተና ወረቀት ስለነበረባት አልሄደችም። በኋላ እንደሰማችው ገንዳው ሰዉ ከጠየቀው አንሶ ነው የተሠራ፤ ከሰዓት በኋላ ከብቶቹ ተራ ይጠብቃሉ። የታቹ ቧንቧም በሚያዝያ ይቀጥናል። ሁለቱም መንደር ትንሽ ትንሽ ያጉረመርማል፤ አዋላጇ ግን ጀሪካኗን ጥላለች።

ባንቺአየሁ ለገበያ ወደ ከተማ በወረደ ሰው እጅ አንድ ከረጢት ድንች ላከችላት። ሕሊና ከረጢቱን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠች፤ ለራት የሚበቃውን አውጥታ ላጠችና ውኃው እስኪፈላ የቀሩትን ወረቀቶች ማረም ቀጠለች።