ጨው የበላው የእሳት ማጥፊያ

ማልሱን የእሳት ማጥፊያውን ቂጥ በጣቷ ዳበሰችና ጣቷን ላስ አደረገችው። ጨው ነው! ዴጆን ከተማ ከባሕር የት ተገናኝቶ ነው ደረጃ ሥር የቆመ ብረት ጨው የሚያወጣው?

ጠዋት ከእሳት አደጋ የመጣው ተቆጣጣሪ ያንኑ ቀይ ጣሳ ገልብጦ ሲያይ ፊቱ ልውጥ ብሎ ነበር። «እመቤት፣ ሥሩ በዝገት አልቋል እኮ! እጀታውን የጨበጠው ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። አከራይዋ እርስዎ ነዎት፤ ይህን በደህና መያዝም የእርስዎ ፋንታ ነው። ተከራይ ቢጎዳ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት» አላት። ከሰዓት ተመልሼ አያለሁ ብሎም ሄደ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ማልሱን የምትኖረው ከዚህች ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በምታገኘው ኪራይ ነው። ሰው ተጎዳ ማለት ቤቱም ሄደ፣ እሷም እስር ቤት ገባች። ወዲያው ለሱቁ ደውላ አዲስ ማጥፊያ አዘዘች። ይህን አድርጋ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? አልቻለችም። ጨው ከየት መጣ የሚለው ነገር እረፍት ነሳት።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ዓሣ ሻጩ ቹ ወደ ገበያ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር አገኘችው።

«አንተ ነህ አይደል ማጥፊያው ላይ ይህን ጨው ያመጣኸው?»

«እኔ ጨው የምነሰንሰው ዓሣ ላይ ነው እንጂ ብረት ላይ ምን አግብቶኝ!» አለ እየሳቀ። «ምናልባት ማጥፊያው እሳቱን አጣፍጦ ሊያጠፋው ይሆናላ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ!»

ወደ ደረጃው ስትመለስ ማጥፊያው የለም። ክው አለች። ከላይ ግን ሰው ሲያቃስት ሰማችና ትንፋሿ ቁርጥ እስኪል ድረስ ጣሪያው ላይ ወጣች።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው አሮጊቷ ኦክቡን፣ በቅመም ቦክቶ ኪምቺ የሚሆነውን የብርድ ወራት ጎመን በትልቅ የላስቲክ ገንዳ ጨው ውኃ ውስጥ ነክራ፣ በላዩ ጣውላ አጋድማ፣ በጣውላው ላይ ማጥፊያውን አቁማዋለች።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጎመኑ እየተንሳፈፈ አስቸገረኛ! ድሮ ድንጋይ እጭንበት ነበር። አሁን ጉልበቴ ድንጋይ ተሸክሞ አልወጣ አለ። ይሄ መያዣ አለው፣ ክብደቱም ልክ ነው። ደግሞ ነገ አጥቤ እመልሰዋለሁ።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ ነዋ! አንቺስ የማንን ኪምቺ ነው ስታሞግሺ የምትከርሚው?»

«እኔን እስር ቤት ሊከቱኝ ነው እኮ! ጨው በልቶታል፤ እሳት ተነሥቶ አንዱ ቢጨብጠው ፊቱ ላይ ይፈነዳል!»

«ማን ይጨብጠዋል ብለሽ ነው?» አለች ኦክቡን። «ቀን ቀን ሁሉም ሥራ ይወጣል፤ አንቺም ከሱቅ ሱቅ ስትዞሪ ነው የምትውዪው። ቤት የምውለው እኔ ብቻ ነኝ። እሳት ቢነሣ እኔው አጠፋልሻለሁ፣ አታስቢ!» ያውም በኩራት ነው የተናገረችው።

ማልሱን ከጠዋት ጀምሮ «ተከራይ» እያለች ስትሰጋ፣ ተከራዩ ፊት አልነበረውም። አሁን ፊቱን አየችው፤ የተሸበሸበ፣ በብርድ የቀላ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «በላሽ ወይ?» የሚላት ፊት ነው።

ማጥፊያውን እንደ ጋለ ድስት በጥንቃቄ አንሥታ ጥግ ላይ አኖረችው። ጎመኑ ጣውላውን ይዞ ብቅ አለ።

«ይኸው ተንሳፈፈ! አሁን ምን ልጭንበት?»

ማልሱን ዘወር አለችና ጣውላው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችበት። ቀዝቃዛው ጨው ውኃ ልብሷን አልፎ ገባ። ኦክቡን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ማልሱን ግን ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። እሳት ቢነሣ ምንም እንዳይነኩ። ቤቱ ይንደድ! ወጥተው ይሩጡልኝ ብቻ።»

«ይህ ቤት? ያለሽ ነገር እሱ ብቻ አይደል እንዴ?»

«ይንደድ አልኩ እኮ!»

ኦክቡን ሳቋን አቆመች። የራሷን ሹራብ አውልቃ ማልሱን ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

«ጎመኑስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱም ይንደድ!»

«ኧረ እሱን እንኳ ተይ» አለችና አጠገቧ ጣውላው ላይ ተቀመጠች።