አባዬን ሆኜ ቀዩ ወንበር ላይ

እና ደግሞ ወንበሩ ይነቃነቃል፣ አንድ እግሩ አጥሯል፣ ይጠገን ብዬ ለንብረት ክፍሉ የጮህኩት እኔው፣ ግን ዛሬ ገና ነው የምቀመጥበት፣ ሁልጊዜ ሰልጣኞቹን ነው የማስቀምጠው፣ ቀዩ ወንበር፣ ሕጉንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ቀዩ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የጤና ባለሙያ ራሱን በር ላይ ትቶ ይመጣል፣ መክሮ መክሮ ሊለውጠው ያልቻለውን አንድ የቅርብ ሰው ይሆናል፣ እሱ እንዲህ ይላል ማለት የለም፣ እኔ ነው፣ በዚያ ሰው አፍ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ አማካሪ ሆኖ ይጠይቀዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ለሌላ ሰው። መምህር ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ አሉኝ፣ በሳቅ በጭብጨባ፣ ሁልጊዜ እኛን ያስለቅሱናል ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው፣ እምቢ ማለት አለ እንዴ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል አባዬ፣ ይሄን ቢያይ እንዴት በሳቀ።

አባዬ። በቃ እሱን ነው የምሆነው፣ ሌላ ማንን እሆናለሁ፣ ከቤቴ ሳልወጣ ያቃተኝ እሱ ነው፣ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ደም ግፊቱ ጣሪያ የነካ፣ ባለፈው መታጠቢያ ቤት ዞሮበት ወድቆ ቅንድቡን የተሰፋ፣ ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ ያለኝን አልረሳውም፣ እህቴ፣ ክኒኑን በየቀኑ ካልዋጠ ቀጣዩ በስፌት አያልፍም፣ እኔም እሺ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ይሄ ነው፣ ሰዎች ለምን እንደሚለወጡና ለምን እንደማይለወጡ የማስተምር ነኝ አልኩት፣ እንዴት ያለ ኩራት ነበር።

ደግሞ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ አደጋውን ይመን ብዬ፣ ሰው አደጋው እሱን እንደሚነካው ካላመነ አይለወጥም ይላል አንዱ ሞዴል፣ ደም ሥሩ የፈነዳ አንጎል በሥዕል አሳየሁት፣ መነጽሩን አድርጎ ትክ ብሎ አየና ይሄማ ቧንቧ ሠራተኛ ነው የሚፈልገው አለ። ቀጥሎ የለውጥ ደረጃዎች፣ አለማሰብ፣ ማሰብ፣ መዘጋጀት፣ መተግበር፣ ማስቀጠል፣ በደረጃ መልክ ስዬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩለት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ተቆጣጣሪ፣ ዛሬ የቱ ፌርማታ ላይ ነኝ፣ እኔ እኮ ማሰብ ላይ ቆሜአለሁ፣ አውቶቡሱ ነው ያልመጣው። ተቆጣጣሪ ነው የሚለኝ፣ በሥራ ዘመኑ ትኬት ሊቆጣጠሩ መንገድ ላይ ዘለው የሚገቡትን ሲጠላቸው ጉድ ነበር። ሰው ጓደኛው ሲያደርግ አይቶ ይማራል አልኩና ክኒኑን አንድም ቀን የማይረሳውን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጋበዝኩት፣ ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ፣ ማታ ልብስ ሰፊው የራሱንም ረስቶት ሄደ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ስለዚህ ራሴ ማስዋጥ ጀመርኩ፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ፣ ይውጣል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላል፣ ተሳካ ብዬ ስንት ቀን በደስታ ሥራ ሄድኩ፣ እስከ ሰሞኑ ድረስ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ውሃ ላጠጣ ጣሳውን ስጠጋ አፈሩ ላይ ነጫጭ ነገር፣ ያበጡ፣ የሟሙ፣ የአባዬ ክኒኖች። ምላሱ ሥር ይይዛቸውና እኔ ዞር ስል ለአበባው ይሰጠዋል። አልተናገርኩም፣ ብናገር ሌላ ጣሳ ይፈልጋል። አበባው ግን እንዴት አምሮበታል፣ በዚህ ቤት ግፊቱ የተስተካከለ እሱ ብቻ ነው።

አባቴ እንደምን ዋሉ፣ ትለኛለች። አዋላጅ ነርሷ ናት ዛሬ አማካሪዬ፣ ረጋ ያለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ያደረገች፣ ከኋላ ማን ነው ብዕር የሚያጮኸው። ደህና ነኝ የኔ ልጅ እላለሁ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ ይስቃሉ፣ ትከሻዬንም እንደሱ ወደ ኋላ ጣል፣ እጆቼ ሳላስበው ከፍ ብለው የሌለ መሪ ይይዛሉ፣ እንዴ፣ እንዲህ ነው ለካ የሚቀመጠው፣ ሶፋ ላይም እንዲህ ነው። ጠዋትዎ ምን ይመስላል፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ ትላለች፣ ራሴ ያስተማርኳት ጥያቄ ናት፣ ምክር አትስጡ ጠዋቱን ጠይቁ የምላቸው፣ እኔ አባዬን ጠይቄው አውቃለሁ ወይ፣ ምን ያስጠይቃል፣ አብሬው አይደል የምኖረው።

እነሳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ከዚያ ግቢ ወጥቼ መኪናዬን አያለሁ፣ አሮጌ ናት ግን የኔ ናት፣ ኮፈኗን ከፍቼ ዘይት እለካለሁ፣ መለኪያውን በጨርቅ ጠርጌ ደግሜ አጠልቃለሁ፣ ውሃ አያለሁ፣ ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ አስነሳታለሁ። የትም ላልሄድ እችላለሁ። ዴፖም እያለሁ እንዲህ ነበር፣ ሜካኒኩ ማታ አይቶታል ይሉኝ ነበር፣ እኔ አልሰማም፣ ሌላ ሰው የለካው ዘይት ዘይት አይደለም፣ ስንት ነፍስ ይዤ ነው የምወጣው። ይሄን ሁሉ የምለው እኔ ነኝ፣ ሰልጣኞቹ መሳቅ አቁመዋል፣ ይሄን መቼ ሰማሁት፣ ልጅ ሆኜ ነው፣ ከእናቴ ጋር ሲያወራ።

ከዚያስ አባቴ። ከዚያ ልጄ ከውስጥ ትጠራኛለች። ከዚያስ። መዳፌ ላይ ክኒን ታስቀምጣለች። ከዚያስ። ብርጭቆውን ትይዝልኛለች፣ ቆማ ታየኛለች፣ ጉሮሮዬ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ያኔ ምን ይሰማዎታል።

ምን ይሰማኛል። ወንበሩ ይነቃነቃል፣ መዳፌን አያለሁ፣ ባዶ ነው፣ ግን ክኒኑ ያለበት ይመስለኛል፣ ከአፌ ደግሞ ይወጣል፣ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ጭኜ ኖርኩ፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ ተሳፋሪ ሆንኩ።

አዋላጇ ቀጣዩን ጥያቄ ትረሳለች፣ እኔም ማልቀሴ ነው መሰለኝ፣ አይ ሳቅም አለበት፣ ስንት ዘመን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር እኮ ነው፣ እችላለሁ ባይነት፣ ሰው ነገሩ በእጁ እንዳለ ካልተሰማው አይዘልቅበትም፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እኔም ወረቀቴን ይዤ ሰውየውን መዳፉ ላይ እያስቀመጥኩ ሳስውጠው። መምህር ደህና ነዎት። ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ሻይ እረፍት ውጡ።

ከሥራ መልስ ቆሜ ነው የምሄደው፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተጣብቄአለሁ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አድርጓል፣ በየፌርማታው ሰው ይናገረዋል ፍጠን አቁም ምን ሆነሃል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ከራሱ በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን አነባለሁ፣ የድሮ ጽሑፍ ነው፣ በሁሉም አውቶቡስ ላይ ነበር፣ ልጅ ሆኜ አብሬው ስሳፈር አባዬ በኋላ መስታወቱ እያየኝ በጣቱ ያሳየኝ ነበር፣ ዝም በይ ማለቱ ነው። ደስ ይለኝ ነበር ዝም ማለት። አሁን ምን እለዋለሁ፣ ብተወውና ባይውጥስ፣ የሐኪሙ ነገር፣ በስፌት አያልፍም፣ ግን እኮ አሁንም አይውጥም፣ አበባው ነው የሚውጠው።

ሳሎን ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ክኒንህን አልሰጥህም። ቴሌቪዥኑን ዝም ያሰኘዋል። ምነው፣ ተስፋ ቆረጥሽ እንዴ። አልቆረጥኩም፣ ያንተ ነው፣ ራስህ ያዘው፣ እኔ አልለካልህም፣ የመኪናህንም ዘይት ላንተ ትቼዋለሁ አይደል። ማሸጊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ አይነካውም፣ ወደ መስኮቱ ያያል፣ አየሽው እንዴ። አየሁት። እንዴት አምሮበታል አይደል። በጣም። እንስቃለን፣ እሱ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እኔ ግድግዳ ይዤ፣ እንዲህ የሳቅነው መቼ ነበር።

ከዚያ ማሸጊያውን ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መነጽሩን ይፈልጋል፣ ግንባሩ ላይ ነው፣ ይጠይቀኛል፣ እኔን፣ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ሳያመኝ ለምንድን ነው በየቀኑ የምውጠው። አፌ ላይ የደረሰውን ትምህርት ሁሉ እውጠዋለሁ፣ አንተ ሞተሩ ሳያጉረመርም ዘይት ለምን ትለካለህ። ጣቱ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ይዳብሳል፣ እ፣ የዘይት መብራት እስኪበራ የሚጠብቅ ሹፌር፣ ሹፌር አይደለም፣ መብራቱ ሲበራማ ሞተሩ ተበልቷል። ይሄን ያለው እሱ ነው፣ እኔ አልጨመርኩም፣ ማሸጊያውን ሸሚዙ ኪስ ከቶ ለቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰጠዋል። ምንም ቃል አልገባልኝም። ኪሱ ውስጥ ግን ገብቷል።

ነጋ። ወጥ ቤት ቆሜአለሁ፣ ሻይ እየፈላ ነው፣ አልጠራውም፣ አፌን በእጄ ይዤ አልጠራውም፣ መጋረጃውን ግን ትንሽ ገለጥ፣ ትንሽ ብቻ፣ ተቆጣጣሪ ሁልጊዜ ተቆጣጣሪ ነው። ግቢው ገና እርጥብ ነው፣ አባዬ ኮፈኑን ከፍቷል፣ መለኪያውን መዘዘ፣ ጠረገ፣ አጠለቀ፣ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየ፣ ውሃውን አየ፣ ጎማዋን መታ፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ ከዚያ ቆመ። አሁን። እጁ ወደ ሸሚዙ ኪስ ይሄዳል፣ ወይስ ጨርቁን ነው የሚፈልገው፣ አይ፣ ማሸጊያው ነው፣ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፣ የውሃ ጠርሙሱን ከመኪናዋ ወንበር ያነሳል፣ ቀና ይላል፣ ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚህ ድረስ ይታየኛል፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኮፈኑን ይዘጋል፣ ልክ የሥራው ማብቂያ ክኒኗ እንደሆነች ሁሉ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ፣ እኔ እንደሚል ሹፌር።

ዞር ሲል ያየኛል። ተይዣለሁ። መጋረጃውን አልለቅም፣ ምን ዋጋ አለው፣ እሱም አፉን ከፍቶ ምላሱን ወደ መስኮቱ ያወጣዋል፣ እንደ ልጅ፣ ከዚያ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከሥሩ ምንም የለም። ነገም እንዲህ ይሆን አላውቅም፣ ማስቀጠል የሚባል ደረጃ አለ፣ ሰው ከሱም ይወርዳል፣ አስተምረዋለሁ እኮ፣ ግን ደስ ብሎኛል፣ በቃ ደስ ብሎኛል። ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አባዬ፣ ዛሬ የቱ ፌርማታ ላይ ነህ ብዬ እጮሃለሁ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ በአንድ ጣቱ ከራሱ በላይ ያለውን ባዶ ጣሪያ ያሳየኛል፣ ምንም አልተጻፈበትም፣ እኔ ግን አነበዋለሁ፣ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው፣ እና ዝም እላለሁ።